ስለ ወይን ሻይ፤ ሁለት ማንቆርቆሪያ ይቅረብ

የተማሪዎች ማኅበር ጋዜጣ ስለ ሻይ ሲጽፍ የሚስቅ አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሆኖም ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በሻይ ግብዣዎቻችን ላይ ቀይ ወይን የተቀላቀለበት ሻይ መቅረብ ስለ ጀመረ፣ ነገሩም ከመጠጥነት አልፎ የእንግዳ አቀባበል ጥያቄ ስለ ሆነ፣ አስተያየታችንን በግልጥ ለመስጠት ተነሥተናል።

በመጀመሪያ መጠጡን እንደማንጠላው ይታወቅልን። እንዲያውም በሚገባ ሲዘጋጅ፣ በተለይ በክረምት ማታ፣ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። በጀርመን አገር በገና ሰሞን በየአደባባዩ የሚሸጠው ግሉቫይን የተባለው ትኩስ ወይን የሚሠራው በቀረፋ፣ በቅርንፉድ፣ በብርቱካን ልጣጭና በስኳር ነው። ኦስትሪያውያንም ሻይን ከሩም ጋር ቀላቅለው የሚጠጡት ያገርቴ የሚባል መጠጥ አላቸው። ቀረፋና ቅርንፉድ ደግሞ ለእኛ ሻይ የቆዩ ወዳጆቹ ናቸው። ቡናና ሻይ አጋምሶ ስፕሪስ ብሎ የሚጠጣ፣ ወይንንም በኮካ የሚበርዝ ሰው በሞላበት ከተማ ሻይና ወይን ቢገናኙ የሚያስደንቅ አይሆንም።

አዘገጃጀቱን የሚያበላሹት ግን ብዙዎች ናቸው። ሻይም ቀይ ወይንም ታኒን የሚባል ምላስን የሚይዝ ነገር አለባቸው። ስለዚህ ሻዩን እስኪጠቁር አፍልቶ ወይን የሚጨምርበት ሰው ለእንግዳው የሚያቀርበው መራራ ነገር ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ የውሽውሽ ወይም የጉማሮ ሻይ ቅጠል ይበቃል። ውሃውን አስቀድሞ ከ1 እንጨት ቀረፋ፣ ከ4 ወይም ከ5 ፍሬ ቅርንፉድና ከጥቂት የብርቱካን ልጣጭ ጋር ለ10 ደቂቃ ማፍላት ነው። ከዚያም ከእሳት አውርዶ ሻይ ቅጠሉን መጨመር፣ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ቆይቶም ማጥለል ያስፈልጋል። በመጨረሻ ግማሽ ሊትር ወይን ጨምሮ ሳያፈሉ ማሞቅና ስኳሩን እየቀመሱ መጨመር ነው። ወይኑ እንደ ጉደር ያለ ያገር ቀይ ወይን ቢሆን ይበቃዋል፤ ቅመሙ የወይኑን ረቂቅ ጣዕም ስለሚሸፍነው ውድ ጠርሙስ መክፈት ገንዘብ መጣል ነው። ወተት ግን ፈጽሞ አይግባበት፤ የወይኑ ኮምጣጣነት ወተቱን ይቆራርጠዋልና።

እስከዚህ ድረስ ጠብ የለንም። ጠባችን የሚጀምረው አንድ እንግዳ ብርጭቆውን ተቀብሎ «ይህ ምንድን ነው? ሽታው ሌላ ነው» ብሎ ሲጠይቅና አስተናጋጁም «አይዞህ፣ እሳት ነክቶታል፣ አልኮሉ ተኗል» ብሎ ሲመልስለት ነው። ይህ መልስ ሐሰት ነው። አልኮል ብቻውን ሲሆን በ78 ዲግሪ እንደሚፈላ ሁላችንም ተምረናል፤ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ግን ብቻውን ተለይቶ አይወጣም። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ያወጣው ሠንጠረዥ እንደሚያሳየው፣ በፈላ ነገር ላይ አልኮል ተጨምሮ ወዲያው ከእሳት ቢወርድ ከመቶ 85 እጁ እዚያው ይቀራል። 15 ደቂቃ ቢንተከተክ 40፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ቢቆይ 25፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቆይ እንኳ ከመቶ 5 እጁ አይጠፋም።

ሒሳቡንም እንሥራው። ከመቶ 12 እጅ አልኮል ያለበት ግማሽ ሊትር ወይን በ1 ሊትር ሻይ ሲቀላቀል ከመቶ 4 ይሆናል። ለተነነው ብንቀንስለት እንኳ ከ3 በላይ ይቀራል። ይህም ማለት ከቀላል ቢራ ብዙ የማይተናነስ መጠጥ በሻይ ስም በሻይ ብርጭቆ ለእንግዳ ቀረበ ማለት ነው።

ታዲያ በግብዣችን ላይ ማን ማን አለ? በሃይማኖቱ ምክንያት አልኮል በአፉ የማይዞር እስላም ጓደኛችን አለ፤ ጴንጤ እኅታችን አለች፤ በዐቢይ ጾም ከመጠጥ የሚታቀብ ኦርቶዶክስ አለ። ከአልኮል ጋር የማይስማማ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ አለ፤ ከግብዣው በኋላ መኪና የሚነዳ መምህር አለ። መጠጥ በብርቱ ትግል ትቶ ለማንም ያልተናገረም ሊኖር ይችላል። እነዚህ ሁሉ ወደ ሻይ ግብዣ የሚመጡት ሻይ ሁሉም በአንድነት የሚጠጣው ነገር ነው ብለው አምነው ነው። ያን እምነት አፍርሰን የምናገኘው ጥቂት ሞቅታ ዋጋ የለውም እንላለን።

ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ባገራችን ደግስ ጠጅ በሚቀዳበት ቤት ለማይጠጣው የማር ብርዝ ይቀርባል፤ ማሩ አንድ ነው፣ ክብሩም አንድ ነው። ክርስቲያኑ ልጁን ሲድር ለእስላም ጎረቤቱ በእስላም እጅ ለብቻ ያሳርዳል፤ ሥጋውንም ደባልቆ «አይታወቅም» የሚል ባለ ደግስ ቢገኝ የሰፈር መነጋገሪያ ይሆናል። ጀርመኖቹም ግሉቫይን በሚሸጡበት ቦታ ከፍራፍሬ ሻይና ከጭማቂ የሚሠራ፣ የልጆች ፑንሽ የሚሉት፣ አልኮል የሌለበት ትኩስ መጠጥ ጐን ለጐን ይሸጣሉ። እኛ ከእናቶቻችንም ከጀርመኖቹም ያነስን አስተናጋጆች የምንሆንበት ምክንያት አይታየንም።

አንዳንድ መምህራን «ወይን ከተማሪ ግብዣ ጨርሶ ይውጣ» ይሉ ይሆናል። አሳቡን እናከብራለን፤ ነገር ግን የከለከሉት ነገር በጓዳ መቀላቀሉ አይቀርም፣ ያን ጊዜም ማን ምን እንደ ጠጣ የሚያውቅ አይኖርም። ሌሎች ደግሞ «ሁለት ማንቆርቆሪያ ማቅረብ ተማሪውን በሃይማኖት መከፋፈል ነው» ይላሉ። እኛ ግን መከፋፈል የምንለው አንዱ ሲጠጣ ሌላው ባዶ እጁን ሲቀመጥ ወይም ሳያውቅ ሲታለል ነው። ከሁለቱ ማንቆርቆሪያ የሚቀዳ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ይጫወታል።

ስለዚህ ለማኅበራችን የግብዣ ኮሚቴ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ቅመሙና ሻዩ በአንድነት ይፍላ። ከተጠለለ በኋላ በሁለት ማንቆርቆሪያ ይከፈል፤ ወይኑ በአንደኛው ብቻ ይጨመር፤ በላዩም «ወይን አለበት» የሚል ወረቀት በጉልህ ይለጠፍ። ንጹሑም ሻይ ቅመሙ ሳይጓደልበት፣ ቀድሞ ሳያልቅ፣ እኩል ይቅረብ። የሚጠይቅ እንግዳ ቢኖር አስተናጋጁ እውነቱን ይንገረው። የሁሉም ወጪ አንድ ማንቆርቆሪያ መዋስና አንድ ቁራጭ ወረቀት ነው።

ይህን የሚቃወም ወይም የተሻለ አሳብ ያለው ጓደኛ ቢኖር፣ በሚቀጥለው እትም ብዕሩን እንዲያነሣ በአክብሮት እንጋብዛለን።