«ለምን ደወላችሁ?» ለሚሉን ጎረቤት



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ አንድ አቤቱታ በዝምታ የሚታለፍ ሆኖ ስላላገኘነው ይህን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ ለማውጣት ተገደናል። አቤት ባዩ ጎረቤታችን ባለፈው ሐምሌ ቤተሰባቸውን ይዘው ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ለዕረፍት ወርደው ነበር። በዚያው ሰሞን እዚህ አውሮራ ከቤቶቻችን ጀርባ ያለው ሜዳ ሣሩ ተያያዘና ጭሱ አጥሩን አልፎ ሲገባ ተደወለላቸው። ዕረፍታቸውን አቋርጠው፣ ለአውሮፕላኑ ተጨማሪ ከፍለው ሌሊቱን ቢመጡ እሳቱ ጠፍቷል፣ ቤታቸውም እንዳለ ቆሟል። ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ላልደረሰ እሳት ዕረፍቴን አበላሻችሁብኝ፤ ወደፊት ለእሳት አደጋ ይደወል እንጂ ለእኔ አይደወል!» አሉ። ያጨበጨበም አልጠፋም።

ለመሆኑ እሳቱ ደርሷል የሚባለው የት ሲደርስ ነው? ሳሎን?

ማርሻል የተባለውን ሰደድ እሳት ረሳነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2021 በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 11 ሰዓት አለፍ ሲል ቦልደር አውራጃ ውስጥ የሣር እሳት ሆኖ ተነሣ። ነፋሱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍስ ነበር። በዚያው ቀን ሱፒሪየርና ሉዊቪል በሚባሉት ከተሞችና በአካባቢያቸው ከ1 ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶች ወደሙ፣ ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ከቤቱ ወጣ፣ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ጫካ ውስጥ ያለ መንደር እኮ አይደለም፤ እንደኛው ሰፈር አስፋልት፣ ገበያና ሆቴል ያለበት፣ ከእኛ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ ቦታ ነው። ከመነሻዎቹ አንዱ ከስድስት ቀን በፊት ተለኩሶ በአፈር የተዳፈነ እሳት መሆኑን መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ገልጸዋል፤ ሁለተኛው ምናልባት ከኤሌክትሪክ መስመር ነው። የተዳፈነ እሳት ምን እንደሆነ ለእኛ ማን ይነግረናል? አመድ ስር አሳድረን፣ ጠዋት ገልጠን ቡና ያፈላን ሰዎች አይደለንም እንዴ! (በረዶው ደግሞ በማግስቱ ጣለ። አንድ ቀን ቀድሞ ቢጥል ምን ነበረበት።)

ያ ቀን በገናና በአዲስ ዓመት መካከል ስለነበር ስንቱ ሰው ቤቱን ቆልፎ ዘመድ ጥየቃና ባሕር ዳር ሄዶ ነበር። ወሬውን የሰማው በስልክ ነው። ይህም የሰማው ነው! ስልኩን በአውራጃው የማስጠንቀቂያ መዝገብ ያላስመዘገበው ብዙ ነዋሪ ምንም መልእክት ሳይደርሰው ጭሱን በዓይኑ አይቶ ነው የሮጠው። ከቤት ውጭ የነበሩት መመለስ ስላልቻሉ ተዘግቶባቸው ያለቁት ውሾችና ድመቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ጎረቤት የሚደውለው ስልክ ትርፍ ነገር አይደለም።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስና፣ ያን ዕለት የአቤት ባዩን ቁጥር ለማግኘት ሦስት ሰዓት ፈጅቷል። በመጨረሻ የነገረን አዲስ አበባ ያለ የእህታቸው ልጅ ነው። ከአውሮራ ወደ ካሊፎርኒያ ለመደወል በአዲስ አበባ በኩል መዞር ምን ይባላል? ይህን ሁሉ ጊዜ ደግሞ ከኢትዮጵያ ለጥየቃ የመጡት እናታቸው ከውስጥ ቆልፈው ተኝተው ነበር። እሳቸው የባሕር አየር አይስማማኝም ብለው ነው የቀሩት። በር ሲደበደብ «ማንን ነው የምከፍተው?» ብለው ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ቢመጣስ እማማ በምን ያነቡታል? ቁልፍ በጎረቤት እጅ ቢኖር ግን አጥር መዝለል ባላስፈለገ ነበር።

«ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል መልስም ተሰምቷል። መልካም ነው። ነገር ግን ከማርሻል እሳት በኋላ የብዙ ሰው ኢንሹራንስ ቤቱን መልሶ ለማሠራት እንዳልበቃ ታይቷል። ፓስፖርትና የዜግነት ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የሞተ አባት ደብዳቤማ ጭራሹን የሚተካው የለም። እናትስ?

ዕረፍት አትውጡ ያለ የለም። ኮሎራዶ ባሕር የላትም፤ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ልጆቹን ማዕበል ቢያሳይ ደስ ይለናል። የምንቃወመው ሣሩ ጉልበት ደርሶ፣ የጣራው አሸንዳ በደረቅ ቅጠል ተሞልቶ፣ የማገዶ ክምር ከእንጨት አጥር ጋር ተደግፎ፣ «ደህና ሁኑ» እንኳ ሳይባል መሄዱን ነው። በማርሻል ጊዜ እሳቱን ከቤት ወደ ቤት ካደረሱት አንዱ ይኸው የእንጨት አጥር ነው። አጥሩ ደግሞ የሁለት ሰው ነው፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የእርስዎ።

ኮሚቴውም ከወቀሳ አያመልጥም። በእጁ ያለው የስልክ ዝርዝር ሰፈር የለቀቁትንና በሞት የተለዩትን ሳይቀር ይዟል። አዲስ ቅጽ ከዚህ ሰሌዳ ስር ተለጥፏል። ለገና ዕረፍት የምትሄዱ ሁሉ ከመውጣታችሁ በፊት የሚገኙበትን ስልክ፣ ቁልፍ የያዘውን ጎረቤት፣ ቤት የሚቀር ሰው ካለም ስሙንና የሚናገረውን ቋንቋ ሞልታችሁ ለኮሚቴው ጸሐፊ ስጡ። «አይደወልልኝ» የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።