ስኮቹን ላጡልን

ባለፈው ጊፋታ ሻንቶ ነበርኩ። በዓሉን ሊቀርጽ ከሶዶ የመጣው ካሜራማን የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። ድሮኑን ከሻንጣው ሲያወጣ አጠገቡ ቆሜ አያለሁ፤ ከአራቱ ፕሮፔለሮች የአንደኛው ክንፍ ጫፉ ተሸርፏል። በተሸረፈው ክንፍ ላይ ደግሞ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል ስኮች ተለጥፋለች።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ባላንስ ነዋ!»

«በምን ለካኸው?»

ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ ታካብዳለህ። አየር መንገድም እኮ የሚሠራው እንዲህ ነው። የሄሊኮፕተር ክንፍ ራሱ ክብደት ይጨመርበታል። ዩቲዩብ ግባና እይ።»

ድሮኑ ተነሣ። ከሚጨፍሩት ሰዎች በላይ፣ ከሥሩ እየተሯሯጡ ከሚጮኹት ሕፃናት በላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ዞረ። ምንም አልወደቀም፤ ማንም አልተጎዳም። ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም እሱ ነው። ምክንያቱም ድሮኑ ሲያርፍ ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ «አየህ?» አለኝ። በእሱ ቤት ክርክሩ አልቋል። አለመውደቅ ማስረጃ ሆኗል።

ማታ ቪዲዮውን አብረን አየነው። ቆርቆሮ ጣሪያዎቹና ባሕር ዛፎቹ ውኃ ውስጥ ያሉ ይመስል ይሞገዳሉ። «ካሜራው አርጅቷል» አለ ጓደኛዬ። ካሜራውስ ምን አጠፋ? የፕሮፔለሩን መንቀጥቀጥ በታማኝነት መዝግቦ ያመጣው እሱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንግባ። ጓደኛዬ ያለው ግማሹ እውነት ነው፤ ስለዚህም ነው አደገኛ የሆነው። አዎ፣ በአውሮፕላን ላይ ክብደት ይጨመራል። ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ ካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብታሰምሩ ሻንቶን ታክኮ ያልፋል። በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ኪው 400 በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ስድስት ክንፍ ያለው ፕሮፔለር አለው፤ ሲነሣ በደቂቃ 1,020 ጊዜ፣ ከፍታው ላይ ሲደርስ ደግሞ 850 ጊዜ ይዞራል። ከክንፎቹ አንዱ ከሌላው በጥቂት ግራም ከበደ ማለት ሞተሩ፣ አካሉና የተሳፋሪው ወንበር በየዙሩ አንድ ጊዜ ተመቱ ማለት ነው። ያንን ለማስተካከል ፕሮፔለሩ እምብርት ላይ ትንንሽ ክብደቶች ይታሰራሉ። እውነት ነው።

ግን የት? ስንት ግራም? ማን ወሰነ? ጓደኛዬ ከአቪዬሽን የወሰደው ክብደቱን ብቻ ነው። መለኪያውን እዚያው ትቶት መጣ።

ቁጥር የማይወድ አንባቢ ይህችን አንቀጽ ይታገሰኝ። የሚዞር ነገር ላይ ያለ ትርፍ ክብደት ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው አራት እጥፍ ይሆናል። የካሜራ ድሮን ፕሮፔለር በደቂቃ 5,500 ጊዜ ይዞራል እንበል። ከመሐሉ አሥር ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ብቻ ልዩነት ቢኖር ጉተታው 340 ግራም የሚመዝን ነገር ከመሸከም ጋር ይተካከላል። ያውም አቅጣጫውን እየቀያየረ፣ በሰከንድ ዘጠና ጊዜ። ድሮኑ ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም! የጥፍር ታህል ስኮች «ምንም አትል» ያለው ሰው ይህንን ሒሳብ አልሠራም። በሄሊኮፕተር ላይ ደግሞ በደቂቃ 300 ጊዜ በሚዞር ሮተር፣ ከመሐሉ አምስት ሜትር ርቀት ላይ 100 ግራም ልዩነት ቢኖር ጉተታው 50 ኪሎ ይደርሳል። አንድ ኩንታል ጤፍ ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ጣሪያችሁ ላይ አስራችሁ በሰከንድ አምስት ጊዜ አዙሩት።

ስለዚህ የሄሊኮፕተር ባለሙያ ክብደት የሚጨምረው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ክንፎቹ ይመረመራሉ፤ ስንጥቅ፣ ጥርስ የመሰለ ሸረፋ፣ የላላ መያዣ፣ የተበላ ኩሽኔታ ይፈለጋል። ቀጥሎ ሁሉም ክንፎች በአንድ ከፍታ መዞራቸው ይታያል። በድሮው ዘዴ የየክንፉን ጫፍ በተለያየ ቀለም ይቀቡና ሮተሩ እየዞረ ከምሰሶ ላይ የተወጠረ ጨርቅ በቀስታ ያስጠጉታል፤ ክንፎቹ ጨርቁን ነካ አድርገው ሲያልፉ የሚተዉት ምልክት የትኛው ከፍ፣ የትኛው ዝቅ ብሎ እንደሚበር ይናገራል። ዛሬ ይህንን የሚሠራው ካሜራ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ መንቀጥቀጥ የሚለካ መሣሪያ ተገጥሞ፣ ሮተሩ ተዘውሮ፣ መጠኑም አቅጣጫውም ተነብቦ ክብደቱ ይታሰራል። ታስሮም አያልቅም፤ እንደገና ይለካል። ያስፈለገው ክብደት ከተፈቀደው ጣሪያ ካለፈ ደግሞ ባለሙያው «ልጨምር» አይልም፤ ክንፉን አውርዶ ምክንያቱን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ የጓደኛዬ ስኮች የሚወድቀው እዚህ ነው። ጫፉ የተሸረፈ ክንፍ ያጣው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ቅርጹንም ነው። ቅርጹን ያጣ ክንፍ የሚያነሣው አየር ይቀንሳል። ስኮች በወርቅ ሚዛን ተመዝኖ ቢለጠፍ እንኳ ክብደቱን ይመልስ ይሆናል እንጂ የተቆረጠውን ጫፍ አይመልስም። በጨርቁ ሙከራ ቢፈተን የሚወድቅ ክንፍ ነው። በዚያ ላይ ሸረፋው ካለበት ቦታ ተነሥቶ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ሄዶ ይሆናል፤ ስኮቹ ደግሞ ይሸፍነዋል! አስተካከልኩ ብሎ መደበቅ ማለት ይሄ ነው።

ስንጥቅ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የሚፈልግ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2018 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን ያንብብ። የሳውዝዌስት አየር መንገድ ቦይንግ 737 እየበረረ ሳለ ከግራ ሞተሩ 24 የፊት ክንፎች አንዱ ተሰብሮ ወጣ። የሞተሩ ሽፋን ስብርባሪ መስኮት መትቶ ሰበረ፤ አንዲት ተሳፋሪ ሞተች። መርማሪዎቹ ያገኙት ክንፉ ሥር፣ ዓይን የማያየው ቦታ ላይ፣ በድካም ብዛት ያደገ ስንጥቅ ነበር። ሞተሩ ሲኤፍኤም 56-7ቢ ይባላል። ይኸው ዓይነት ሞተር በኢትዮጵያ አየር መንገድ 737-800 አውሮፕላኖችም ላይ አለ፤ ቦሌ ያለው የጥገና ማዕከልም የዚህን ቤተሰብ ሞተሮች ያድሳል። የዚህ ሞተር ፊት ላይ ያለው ሾጣጣ ዙሪያውን በብሎኖች የተከበበ ነው፤ ብሎኖቹ በክብደት ይለያያሉ፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ አንዱን በሌላው እየቀያየሩ ያስተካክሉታል። ከአደጋው በኋላ ግን የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ «ብሎን ቀይሩ» ብሎ አላዘዘም። ክንፎቹ በአልትራሳውንድ እንዲመረመሩ ነው ያዘዘው። ማመጣጠንና መመርመር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ወንበር አይወርስም።

ደግሞስ ይሄን ሁሉ ለማወቅ ቦሌ መሄድ ያስፈልጋል? የሚኒባስ ጎማ ባላንስ ሲደረግ ያላየ የከተማ ልጅ የለም። ማሽኑ ጎማውን ያሽከረክራል፣ ስንት ግራም የት እንደጎደለ በቁጥር ይናገራል፣ ልጁ እርሳሷን እዚያው ይመታታል፣ እንደገና ያሽከረክራል። ማንም ጎሚስታ ጎማውን ዓይኑን ጨፍኖ «እዚህ ጋ ይመስለኛል» አይልም። ለጎማ ያላንሰውን ክብር ለሚበር ነገር፣ ያውም ከልጆች ራስ በላይ ለሚበር ነገር፣ ለምን እንነፍጋለን?

የማን ጥፋት ነው?

ጓደኛዬን ብቻ አልወቅስም። አንድ ቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ አብረን ተምረናል፤ ስሙ ይቅር። የመንቀጥቀጥን ቀመር በሰሌዳ ላይ ጽፈን፣ ሸምድደን፣ ተፈትነን አልፈናል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም የሚዞር ነገር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ «በሉ ይሄን አስተካክሉ» ተብለን አናውቅም። መምህራችን ስንጠይቀው «ይሄ የአውሮፕላን ነገር ነው፤ እናንተን አይመለከትም» አለን። አባባሉ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ለሻንቶ ልጅ ግምት፣ ለቦሌ ሚዛን! እንዲህ ተብሎ የተማረ ሰው ስኮች ቢለጥፍ ምን ይገርማል?

ሌላው ፍርሃት ነው። ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ይጠየቃል። ቁጥጥር ማስፈለጉን አልክድም፤ በዚህ አገር ድሮን የሚለው ቃል ብዙ ሰው ላይ ምን እንደሚቀሰቅስ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ጥርጣሬ የበዛበት ዕቃ ተደብቆ ይኖራል። የተደበቀ ዕቃ ጋራዥ የለውም፣ መለዋወጫ የሚሸጥለት ሱቅ የለውም፣ «ይሄ ክንፍ ተሰንጥቋል፤ እንዳታበረው» የሚል ሁለተኛ ዓይንም የለውም። ፕሮፔለር በሰው ሻንጣ እስኪመጣ ድረስ የተሸረፈው ይበራል። አገር ልጠብቅ ያለ ሕግ ከሥሩ የቆመውን ሕፃን ረሳው። ለትንንሽ የማስተማሪያና የካሜራ ድሮኖች ከወረዳ ሆኖ የሚጨረስ፣ ምዝገባና ቴክኒካል ምርመራ ያለበት ቀላል ፈቃድ ይኑር ማለት ምኑ ከባድ ነው?

«መሣሪያ የለንማ» የሚለውን መልስ ግን አልቀበልም። ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ስማርት ስልክ ሁሉ መንቀጥቀጥ የሚያነብ ሴንሰር አለው፤ የሚያሳየውም አፕ በነፃ ይገኛል። ሶዶ፣ በአንድ ጓደኛችን ኪራይ ቤት፣ ሦስት ሆነን በቋሚ ቬንትሌተር ሞክረነዋል። ስልኩን ከሞተሩ ጀርባ አጥብቀን አሰርን። ያለ ምንም ክብደት ስንለካ 6 አነበብን። ከዚያ አንዲት ትንሽ ክብደት በየተራ በሦስቱ ክንፎች ላይ፣ ከመሐል በእኩል ርቀት አስረን ለካን፦ 7.8፣ 2.6፣ 9.4። ወረቀት ላይ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 6 የሆነ ክብ ሣልን፤ ሦስቱ ክንፎች ባሉበት ቦታ ላይ ኮምፓስ ተክለን በየንባባቸው መጠን ሌላ ሦስት ክብ ሣልን። ሦስቱ ክቦች አንድ ነጥብ ላይ ተገናኙ። ከመሐል ወደዚያ ነጥብ ያለው አቅጣጫ ክብደቱ የሚታሰርበት ነው፤ በሁለተኛው ክንፍ አጠገብ ወደ አንደኛው ጠጋ ብሎ ወጣ። ርቀቱ 4 ነበር፤ 6 ለ 4 ሲካፈል 1.5፤ የሙከራዋን ክብደት አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው። ለሁለቱ ክንፎች አከፋፍለን አሰርን። ቬንትሌተሩ ዝም አለ። አንዱ ጓደኛችን ያቺን ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፏታል።

የረሳሁት፦ ከዚህ ሁሉ በፊት የመጀመሪያው ንባባችን 6 አልነበረም፤ ከእጥፍ በላይ ነበር። አንድ ብሎን ላልቶ ነው። ብናጠብቀው ግማሹ መንቀጥቀጥ ያለ አንዳች ክብደት ጠፋ።

ይህንን ያልኩት የተሰበረ ፕሮፔለር በዚህ ዘዴ እንድትጠግኑ አይደለም። የተሸረፈ ፕሮፔለር ይጣላል፤ አለቀ። ለአንድ ሠርግ ከምታስከፍሉት ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም። ሠርግ ላይ ድሮን የምትከራዩ ሰዎችም ብትሆኑ ስለ አልበሙ ገጽ ብዛት ከመከራከራችሁ በፊት ፕሮፔለሮቹን አሳዩን በሉ። ስኮች ካያችሁ መሬት ላይ ይቀረጽ።

ጓደኛዬ በመጪው ቅዳሜ ቦዲቲ ላይ ሠርግ አለው። ትናንት ደውዬ ስለ ፕሮፔለሩ ጠየቅኩት።

«አዲስ አላገኘሁም» አለኝ። «ስኮቹን ግን ቀይሬዋለሁ።»