«ገበያው ፈረደበት» ለሚሉን

«ወጪውን መሸፈን ያቃተው ጋዜጣ ይዘጋ፤ ገበያው ፈርዶበታል» የሚል ፈሊጥ አለ። ጋዜጣው የክፍለ ሀገር ከሆነማ ማን ያዝንለታል? ከሠርግና ከሐዘን ማስታወቂያ፣ ከኳስ ውጤትና ከከንቲባው ፎቶግራፍ በቀር ምን ይዞ ያውቃል ይባላል። እንዲህ ለሚሉን ሰዎች የሲሲሊዋን ከተማ ፓሌርሞን እናስታውሳቸው።

«ሎራ» እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. የተመሠረተ የፓሌርሞ ዕለታዊ ጋዜጣ ነበር። ብዙ ሹማምንት «ማፊያ የሚባል ነገር የለም» በሚሉበት ዘመን፣ በ1958፣ በዋና አዘጋጁ በቪቶርዮ ኒስቲኮ መሪነት የማፊያን ሰዎች በስማቸው እየጠራ ተከታታይ ምርመራ አወጣ። የኮርሊዮኔውን ሉቺያኖ ሊጆን ከነፎቶግራፉ አደባባይ አሰጣው። ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር፣ ማተሚያ ቤቱ በቦምብ ተመታ። ጋዜጣው አፉን ዘጋ? «ማፊያው ያስፈራራናል፤ ምርመራው ይቀጥላል» የሚል ርዕስ ይዞ ወጣ እንጂ!

ዋጋውንም ከፍሏል። ኮሲሞ ክሪስቲና በ1960 ባቡር ሐዲድ ላይ ሞቶ ተገኘ፤ ራሱን ገደለ ተባለ። ማውሮ ዴ ማውሮ በመስከረም 1970 ከቤቱ ደጃፍ ተወሰደ፤ አስከሬኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ጆቫኒ ስፓምፒናቶ በ1972 ራጉሳ ውስጥ በጥይት ተገደለ፤ ገዳዩ የከተማዋ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ልጅ ነበር። ሦስቱም ለ«ሎራ» የሚጽፉ ነበሩ።

«የኮሙኒስት ፓርቲ ጋዜጣ ነበር እኮ!» የሚሉም አይጠፉም። እውነት ነው፤ ከ1950ዎቹ አንሥቶ ከጀርባው የነበረው ፓርቲው ነው። ወገንተኝነት አልነበረበትም ብሎ የሚከራከር የለም። ዳሩ ግን ጋዜጣ የሚመዘነው በባለቤቱ ስም ነው ወይስ ባተመው ነገር? ሊጆ ኋላ በ1970 በነፍስ ግድያ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበት በ1993 እስር ቤት ውስጥ ሞቷል። እውነቱን አስቀድሞ የጻፈው የኮሙኒስት ጋዜጣ በመሆኑ ወንጀሉ ወንጀል መሆኑ አልቀረም።

«ሎራ» ገንዘብ አጥቶ በሜይ 8 ቀን 1992 ተዘጋ። በ15ኛው ቀን ዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔ ከባለቤታቸውና ከ3 ጠባቂዎቻቸው ጋር ካፓቺ አጠገብ በፈንጂ ተገደሉ። ጋዜጣው ቢኖር ፈንጂውን ያከሽፈው ነበር አልልም። የምለው ሌላ ነው። ገበያ ስለ ዕዳ ይፈርድ ይሆናል፤ አንድ ጋዜጣ ለከተማው ስለሚሰጠው ጥቅም ግን አይፈርድም። ደግሞስ ነጋዴው ለማፊያ በሚገብርበት ከተማ፣ ማፊያን ለሚያጋልጥ ጋዜጣ ማስታወቂያ የሚሰጥ ደፋር ከየት ይመጣል? ያ ነው ወይ ነፃ ገበያ?

ስለዚህ «ገበያው ፈረደ» የሚለን ሰው አስቀድሞ በችሎቱ ላይ የተቀመጠው ማን እንደ ነበረ ይንገረን።