ዱባ ይዛችሁ ኑ፤ የዘር እቁብ እንግባ

ባለፈው ክረምት ግቢያችን ውስጥ ሁለት የዱባ ሐረግ ነበር። አንዱን የተከልኩት እኔ ነኝ፤ በቆርቆሮ የታሸገ ዘር ገዝቼ፣ አፈሩን አለስልሼ፣ ፍግ አልብሼ፣ ጠዋት ማታ እያየሁ አሳደግኩት። ሌላው ወፍ ዘራሽ ነው፤ ጎረቤቴ እማማ አመድና ልጣጭ ከሚደፉበት ጥግ ማንም ሳይጠራው ወጣ። ሐምሌ ላይ በረዶ ወረደና የሁለቱንም ቅጠል ወንፊት አደረገው። ነሐሴ ላይ ያ ዱቄት የተነፋበት የሚያስመስለው ሻጋታ ተከተለ። የእኔው መስከረም ሳይጠባ ደርቆ ተነቀለ። የጥጉ ዱባ ግን ከየአንጓው አዲስ ቅጠል እያወጣ አጥሩን ተሻገረ፤ ጥቅምት ላይ አራት ትልልቅ ዱባ አወረድን።

ሦስቱን በላናቸው። ዘሩ ከልጣጩ ጋር ተደፋ።

ነገሩ የገባኝ ሦስተኛው ወጥ ከተበላ በኋላ ነው፤ እስካሁንም ያንገበግበኛል። በረዶ የመታው፣ ሻጋታ የሞከረው፣ ያለ ማዳበሪያና ያለ ጠባቂ የኛን አፈርና የኛን ብርድ ችሎ ያፈራ ዘር እጃችን ገብቶ ነበር። ማንም ነጋዴ እንዲህ ያለ ዘር አይሸጥልንም፤ በዚህ ግቢ ካልሆነ ሌላ ቦታ አይገኝማ! እኛ ግን እንደ ጉድፍ ጣልነው። አራተኛው ዱባ አሁን ቆጥ ላይ ተቀምጧል። ማንም እንዳይነካው ብያለሁ።

ጥሪዬ ይህ ነው፦ ጎረቤቶች፣ የእድር አባላት፣ ጓሮ ያላችሁ ሁሉ፣ የዘር እቁብ እንግባ።

ለምን እቁብ ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም በየቤቱ ዘሩን ቢያስቀምጥ ምን ጎደለ? ዱባ ባይሆን ኖሮ እኔም እንደዚያ እል ነበር። ዱባ ግን የብቻ ሰብል አይደለም። በአንድ ሐረግ ላይ ወንድና ሴት አበባ ለየብቻ ይወጣል፤ ወንዱ በቀጭን አገዳ ላይ ቆሞ፣ ሴቷ ከሥሯ ትንሽ ዱባ አዝላ። አበባው ጎሕ ሲቀድ ይከፈታል፣ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይከደናል፤ ዕድሜው የአንድ ማለዳ ነው። በዚያች ማለዳ ብናኙን የምታመላልሰው ንብ ደግሞ የማንን አጥር እንደምትሻገር አትጠይቅም። ንጹሕ ዘር የሚያባዙ ሰዎች አንዱን የዱባ ዓይነት ከሌላው ከ800 እስከ 1600 ሜትር የሚያርቁት ለዚህ ነው። በከተማ መንደር ይህ የማይታሰብ ነው። የእኔ ጓሮና የእናንተ ጓሮ ለንብ አንድ ማሳ ነው፤ ወደድንም ጠላንም ዱባዎቻችን ተጋብተዋል። የቀረን ጋብቻውን አውቀን መጠቀም ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሐረግ ግማሽ ግቢ ይወርሳል፤ ከሁለት በላይ የሚተክል የከተማ ሰው ጥቂት ነው። ከሁለት ሐረግ ምን ይመረጣል? ሠላሳ ቤት ሁለት ሁለት ቢተክል ግን ስድሳ ሐረግ ሆነ። ከስድሳው አንዱ በረዶ ይችላል፣ አንዱ ሻጋታ ይችላል፣ አንዱ ጣፋጭ ነው፣ አንዱ እስከ ፋሲካ ሳይበሰብስ ይቀመጣል። የእነዚህ ሁሉ ዘር ቋት ውስጥ ገብቶ ተደባልቆ በየዓመቱ ለሁሉም ሲታደል፣ ልጆቻቸው በሚቀጥለው ክረምት እርስ በርስ ይዳቀላሉ። ከዚያ አየሩ ይመርጥልናል። እኛ ለሞተው አናዝንም፤ የተረፈውን ብቻ እንዘራለን።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት፣ ፓራዳይዝ በምትባል ከተማ የሚኖረው ገበሬ ጆሴፍ ሎፍትሃውስ የሰብል ወቅቱ አጭር፣ ውርጩ ቀዳሚ በሆነበት ሸለቆ ብዙ ዓይነት ዱባ ደባልቆ በመዝራትና የተረፈውን ብቻ በመምረጥ ለቦታው የሚስማማ ዱባ አወጣ፤ ስለዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2021 መጽሐፍ አሳትሟል። ግን ምን ዩታ ድረስ ወሰደን? አያቶቻችን በገብሱና በስንዴው ሲያደርጉት የኖሩት ይኸው አይደል? ዶክተር መላኩ ወረደ ይህን ቀድመው አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ የተቋቋመውን የዘረ መል ባንክ ሲመሩ ዘርን በማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ ማኖር ይገባል ብለው ሠሩ። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬውን ለዘር ያስቀመጠውን እስከመብላት አድርሶት ነበር፤ የጠፋው ዘር በመኪና በሚመጣ እርዳታ አይተካም። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። እጀሬና ጨፌ ዶንሳ በሚባሉ ቦታዎች ገበሬዎች የራሳቸው የዘር ባንክ አላቸው፤ አባሉ ዘር ይበደራል፣ ሲያመርት ጨምሮ ይመልሳል። ለስንዴ የተቻለ ለዱባ ያቅታል?

«ዱባ የድሃ ምግብ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይበለኝ። ጾም ሲገባ የዱባ ወጥ የማይናፍቀው ማን ነው? ጎመን በሁለት ቀን ሲጠወልግ፣ ቲማቲም በሳምንት ሲፈርስ፣ ዱባ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቀመጣል። ቀንበጡና ቅጠሉ ይበላል፤ ዘሩ ይቆላል። ሻጭ ግን ሌላ ነገር ይላችኋል፦ የተዳቀለው ሃይብሪድ ዘር ምርቱ ይበልጣል፣ መልኩም አንድ ዓይነት ነው። ልክ ነው፤ ለገበያ የሚያመርት ይግዛው። እኔ የምናገረው ለድስቱ ስለሚተክል ሰው ነው። እማማ የዱባውን መልክ ልብ አላሉትም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዱባው ከተቆረጠ በኋላ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይቀመጥ፤ ዘሩ በውስጡ መሙላቱን ይቀጥላል። ከዚያ ይታረድ፣ ይቀመስ፣ ዘሩ ይታጠብ፣ በጥላ ይድረቅ። ስታጥፉት ካልተሰበረ አልደረቀም። በደንብ የደረቀ ዘር በቅልም በጠርሙስም ዓመታት ይቆያል፤ እናቶቻችን አመድ ነስንሰው ያኖሩ የነበረውም ነቀዝ እንዳይደፍረው ነው። (ቅል ካነሣን አይቀር፦ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ያለው ሰው እውነተኛ አትክልተኛ ነበር። የቅል አበባ ነጭ ነው፣ ሲመሽ ይከፈታል፤ ከዱባ ጋርም አይዳቀልም። አብራችሁ ብትተክሉ አትፍሩ።)

ዘሩን ስታመጡ የዱባውን ጭራ አትጣሉት። ዱባ ስንል ሦስት ዘመድ በአንድ ስም እየጠራን ነው፤ የምንለያቸውም በጭራቸው ነው፦ ጭራው እንደ ቡሽ ለስላሳና ድቡልቡል የሆነ፣ ጠንካራና ማዕዘን ያለው፣ ጠንካራ ሆኖ ከፍሬው ጋር ሲገናኝ እንደ እግር ጣት የሚዘረጋ። እርስ በርስ በቀላሉ ስለማይዳቀሉ ሦስት ቋት ያስፈልገናል።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልናገር። መራራ ዱባ አይበላም፣ ዘሩም አይቀመጥም። ለጌጥ የሚተከሉት ትንንሽ ዱባ መሳዮች ከዙኪኒና ከዘመዶቹ ጋር ሲዳቀሉ ልጃቸው መርዛም ምሬት ሊወርስ ይችላል፤ ቢቀቅሉትም አይለቅም። ስለዚህ ሕጋችን ይህ ይሁን፦ ሳይቀመስ ወደ ቋት የሚገባ ዘር የለም። ጥሬውን በምላስ ጫፍ መንካት ይበቃል፤ ከመረረ መትፋት፣ ዱባውን ከነዘሩ እንዳይበቅል በጥልቅ መቅበር።

መዋጮው ገንዘብ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቤት ዘንድሮ ከተረፈው ዱባ አንድ እፍኝ ዘር፤ ጓሮ የሌለው ከገበያ ገዝቶ ከበላው ዱባ ዘር ያምጣ፣ ኮንዶሚኒየም ያለውም በጋራው ቦታ አንድ ጉድጓድ ይለምን። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጀምር ከየቋቱ ሁሉም እኩል ይዘግናል። ያልበቀለለት አይከፍልም። ያፈራለት ከምርጡ ሁለት እፍኝ ይመልሳል። ዳኛና ጸሐፊ እንደ ማንኛውም እቁብ ይመረጥ፤ ጸሐፊው የሚመዘግበው የማን ሐረግ በረዶ እንደቻለ፣ የማን እንደጣፈጠ ነው።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ፣ ሒሳቡ ተነቦ ሲያልቅ፣ አትበተኑ። እማማ ቡና አፈላለሁ ብለዋል። እናንተ ዱባ ይዛችሁ ኑ፤ እኔም ያን አራተኛውን ከቆጥ አውርጄ፣ ቢላዋና ሦስት ቋት ይዤ እመጣለሁ።