«ጂኤምኦ ሐራም ነው ወይ?» ከማለታችን በፊት ደጃችን ያለውን መርዝ እንይ



ከወጣቶች ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ኡስታዝ፣ ጂኤምኦ እህል መብላት ሐራም ነው ወይ?» ወጣት ስለሚበላው ነገር ሐላልነት ሲጨነቅ ማየት ደስ ይላል። ፈትዋ የዑለማዎች ነው። እኔ የምጽፈው ግን ጥያቄያችን ወዴት መዞር እንዳለበት ለማሳየት ነው።

1. ለመሆኑ የምንበላው ጂኤምኦ ነው?

ጂኤምኦ ማለት ዘረ-መሉ በላብራቶሪ የተለወጠ ዘር ነው። ከሚሴ ገበያ የሚወጣው ጤፍ፣ ማሽላና ማሾ ግን እንዲህ ያለ አይደለም። ለገበያ የዋለ የጂኤምኦ ጤፍም ሆነ ማሾ በዓለም ላይ የለም። ገበሬው «ምርጥ ዘር» የሚለው በቆሎም፣ ለምሳሌ ቢኤች-660፣ በባኮ ምርምር ማዕከል ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ እንጂ ጂኤምኦ አይደለም። ሁለቱን ማምታታት አባቶቻችንን ያለ ምክንያት ማስፈራራት ነው።

2. ክርክሩ ግን ከንቱ አይደለም

አገራችን በዚህ ጉዳይ ትልቅ ታሪክ አላት። በ1992 ዓ.ም. ዓለም የተስማማበት የካርታኼና ፕሮቶኮል ሲረቀቅ የአፍሪካን ድምፅ ከፊት ሆነው ያሰሙት ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። ቀጥሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 655/2001 በጣም ጥብቅ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ላላ ተደረገና በ2010 ዓ.ም. የቢቲ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ።

ቢቲ ጥጥ ከአፈር ባክቴሪያ በተወሰደ ዘረ-መል የጥጥ ፍሬን የሚበላውን ትል ራሱ ይገድላል። ደጋፊዎቹ «ርጭት ይቀንሳል» ይላሉ፤ ለዚያ ትል እውነት ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ «ገበሬው በየዓመቱ ዘር ገዢ ይሆናል፣ የዘሩ ባለቤትነት ወደ ኩባንያ ይሄዳል» ይላሉ። ይህም ተገቢ ስጋት ነው። ቡርኪና ፋሶ ቢቲ ጥጥን ለዓመታት ዘርታ እ.ኤ.አ. በ2016 የተወችው በመርዝነቱ ሳይሆን የጥጡ ክር አጥሮ ገበያ ስላበላሸባት ነው። እንግዲህ ይህ በእውቀትና በማስረጃ የሚታይ ጉዳይ ነው። የመዲና ሰዎች የተምር ዛፍ ሲያዳቅሉ የነበረውን ታሪክ የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዲህ ያለውን የዱንያ ሙያ ለባለሙያዎቹ ነው የተዉት። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም።

3. ደጃችን ላይ ያለው መርዝ

ስለማናየው ዘር ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር በየቀኑ የምናየውን ግን ዝም ብለናል። በቦርከና ዳር በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም እንዴት እንደሚረጭ ያላየ አለ? ወንድማችን ጓንትም ጭንብልም የለውም። መድኃኒቱን በክዳን ለክቶ፣ በእንጨት አማስሎ፣ መርጫውን አዝሎ በነፋስ ውስጥ ይገባል። ማታ በዚያው ልብስ ልጁን ያቅፋል።

ለምን እንደሚረጭ ይገባኛል። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች አገራችን ገብቶ በቆሎውን ሲበላ፣ በ2013 መባቻ አንበጣው የዞናችንንና የወሎን ማሽላ ሲያራቁት ገበሬው ምን ያድርግ? አትርጭ አልልም። አረጫጨቱና አሻሻጡ ግን ሐቅ አለበት። ማላታይንና መሰሎቹ የነፍሳትን ነርቭ የሚያውኩ ናቸው፤ የሰውን ነርቭም ያውካሉ። ከርጭት በኋላ ላብ ማጥለቅለቅ፣ ምራቅ መብዛት፣ የዓይን ብሌን መጥበብ፣ ትንፋሽ ማጠር ከታየ «ድካም ነው» አትበሉ፤ ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ የነቀዝ እንክብሉ ነው። ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ማርከሻ የለውም። እህሉ በሚታከምበት ቤት ውስጥ ቤተሰብ መተኛት ማለት ከሞት ጋር ማደር ነው።

4. ተጠያቂው ማነው?

የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 አለ። ያልተመዘገበ መድኃኒት መሸጥ ክልክል ነው። ተቆጣጣሪው አካል ሥራውን ይሥራ፤ እንጠይቀውም። ነገር ግን ከጀሪካን ወደ ሃይላንድ ቀድቶ ያለ ጽሑፍ የሚሸጠው የእኛው ነጋዴ ነው። ትናንት የተረጨ ቲማቲም ዛሬ ለቅሞ ገበያ የሚያወጣው የእኛው ሰው ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር እርጥብ ሲያገኙት ሻጩን እንዴት እንደገሠጹት እናውቃለን። ያ እርጥበት ብቻ ነበር፤ ይሄ መርዝ ነው! ገዢው በዓይኑ አያየውም፣ አጥቦም ሁሉንም አያስለቅቀውም። ታዲያ «ሐላል ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚነሳው እዚህ ላይ አይደለምን?

5. የከተማ ወጣት ምን ያድርግ?

የብዙው መድኃኒት መመሪያ በእንግሊዝኛ ነው። አባትህ አያነበውም፤ አንተ ግን አስራ ሁለት ዓመት ተምረሃል፣ ስልክም በእጅህ አለ። ስለዚህ፦

— ለበዓል ወይም ለዚያራ ገጠር ስትሄድ የመድኃኒቱን ዕቃ ጠይቅና በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ አንብብላቸው።

— ከሥር ያለውን የቀለም መስመር አሳያቸው። ቀይ እጅግ አደገኛ፣ ቢጫ አደገኛ፣ ሰማያዊ ጥንቃቄ የሚሻ፣ አረንጓዴ ከሁሉም የቀለለ ነው።

— ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይለቀም መቆየት እንዳለበት ተጽፏል። ቀኑን ቁጠርላቸው።

— ባዶውን ዕቃ ለውኃም ለዘይትም አታስደርጉ፤ ቀዳችሁ ጣሉት።

— ሱቅ ያለህ ወንድሜ ሆይ! ጽሑፍ የሌለውን አትሽጥ። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ በሰው ነፍስ አይገኝም።

ስለ ጂኤምኦ መጠየቃችንን አናቁም፤ አዋጁንም እናንብብ። ግን አላህ ፊት ስንቆም የምንጠየቀው በመጀመሪያ በእጃችን ስላለፈው ነገር ነው።

አላህ ገበሬዎቻችንን ይጠብቅ፣ ሪዝቃችንን ሐላልና ንጹሕ ያድርግልን። ለሚረጭ ወንድማችሁ አድርሱት። ወላሁ አዕለም።