የደበዘዘ ፕላስቲክን ማጥራት



በከፋ ዞን ዝናቡ ብዙ ነው፤ ጉሙም እንዲሁ። ሲመሽ ከቦንጋ ተነሥቶ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ጅማ ለሚነዳ ሾፌር፣ በመንገድ ዳር የሚሄደውን እግረኛ የሚያሳየው የፊት መብራቱ ነው። ታዲያ ብዙ ጊዜ አምፖሉ ደህና ሆኖ ሳለ ሽፋኑ ተጫጭሮና ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ይህን በጥቂት ወጪና በትዕግሥት ማስተካከል ይቻላል።

የድሮ መኪኖች የመብራት ሽፋን መስታወት ነበር። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ፖሊካርቦኔት የተባለው ፕላስቲክ ቦታውን እየያዘ መጣ። በቀላሉ አይሰበርም፤ ጭረትና ፀሐይ ግን ይጎዱታል። ስለዚህ ፋብሪካው ስስ መከላከያ ይቀባዋል። ያ ቅብ ሲያረጅ ሽፋኑ ይደበዝዛል፤ ብርሃኑም ወደፊት በመሄድ ፈንታ በየጭረቱ ላይ ይበተናል።

አሠራሩ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ሽፋኑን በሳሙናና በውሃ እጠቡት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትቀር ሌላ ጭረት ታወጣለች። በዙሪያው ያለውን ቀለም በፕላስተር ሸፍኑ።

2ኛ. ቁጥሩ 800 የሆነ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እየነከራችሁ ወደ ጎን ብቻ ፈግፍጉ። ቀጥሎ በ1500 ከላይ ወደ ታች፣ በመጨረሻ በ2000 እንደገና ወደ ጎን። አቅጣጫውን የምንቀያይረው የፊተኛው ጭረት መጥፋቱን ለመለየት ነው፤ ሳይጠፋ አትለፉ። ሽፋኑ ነጭ ሆኖ ቢታይ አትደንግጡ።

3ኛ. የመኪና ፖሊሽ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እያዞራችሁ እሹት። ለቀላል ጭረት ነጭ የጥርስ ሳሙና ይበቃል፤ በውስጡ የሚፈገፍግ ደቃቅ ዱቄት አለና። በማሽን የምትሠሩ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ አትቆዩ፤ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያበላሸዋል።

4ኛ. የፋብሪካው መከላከያ ስለተፋቀ በምትኩ ክሊር አስቀቡት። አለዚያ ተመልሶ ይደበዝዛል።

ሽፋኑን በቤንዚን ወይም በአሴቶን አታጽዱ፤ ፕላስቲኩን ይሰነጣጥቀዋል። የዓይን መነጽርንም በዚህ ዘዴ አትሞክሩ፤ የሌንሱን ቅብ ያጠፋል፤ እይታንም ያዛባል። ሳፋና ጀሪካን ፕላስቲካቸው ለስላሳ ስለሆነ እንዲህ አያንጸባርቁም።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ብዙ መነሻ ገንዘብ የማይጠይቅ ሙያ ነው። ነገር ግን ውልወላ የሚያነሣው የላይኛውን ጭረት ብቻ ነው። የተሰነጠቀን ወይም ውሃ የሚያስገባን መብራት አንጸባርቆ እንደ ደህና ዕቃ መሸጥ የዕቃን ጉድለት ከገዢ መደበቅ ነው፤ ይህም በንግድ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ላይ የሚጎዳው ገዢው ብቻ አይደለም፤ በጉም ውስጥ ከገበያ የሚመለሰው እግረኛም ነው። መጥራት የሚችለውን አጥሩ፤ የማይችለውን ይቀየር ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ።