የኮምፒዩተርን መዝገብ ማጽዳት ይጠቅማልን?

ንጽሕናን የሚጠላ ማንም የለም። ቤቱን የሚጠርግ፥ ልብሱን የሚያጥብ፥ ዕቃውን በየስፍራው የሚያኖር ሰው በኹሉ ዘንድ የተመሰገነ ነው። ስለዚህ በአንድ ነገር ላይ «ማጽጃ» የሚል ስም ተጽፎ ያየን እንደ ሆነ ልባችን ፈጥኖ ያምነዋል። ዛሬ የምንናገረው ግን ስሙ ማጽጃ ሆኖ ሳለ ጕዳቱ ከጥቅሙ ስለሚበልጥ ነገር ነው፤ እርሱም በየቤታችን ባለው ኮምፒዩተር ላይ «የሬጅስትሪ ማጽጃ» እየተባለ የሚጫነው ፕሮግራም ነው።

አስቀድመን ሬጅስትሪ ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ኮምፒዩተሩን የሚያስተዳድረው ዊንዶውስ ዘወትር የሚያነበውና የሚጽፍበት አንድ ትልቅ መዝገብ አለው፤ ሬጅስትሪ የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ፕሮግራም በየት እንደ ተጫነ፥ አንድ ፋይል በምን እንደሚከፈት፥ ፕሪንተሩ የትኛው እንደ ሆነ፥ ተጠቃሚው የመረጠው ቀለምና ፊደል ምን እንደ ሆነ፥ ይህ ኹሉ በዚያ ተጽፎ ይገኛል። መዝገቡ በ1992 ዓ.ም. ዊንዶውስ 3.1 ሲወጣ በጥቂቱ ተጀመረ፤ በ1995 ዓ.ም. ዊንዶውስ 95 በወጣ ጊዜ ግን ዋና መዝገብ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ማስታወሻውን ለብቻው በትንሽ ፋይል ያኖር ነበር።

እንግዲህ ፕሮግራም ሲጫን ስሙንና አድራሻውን በመዝገቡ ይጽፋል፤ ሲነቀል ግን የጻፈውን ኹሉ ደምስሶ አይሄድም። ጥቂት መስመር ትራፊ ሆኖ ይቀራል። ማጽጃ ሻጮችም ይህን ትራፊ «ስሕተት» ብለው ይጠሩትና ኮምፒዩተራችሁ የዘገየ በዚህ ምክንያት ነው ይሉናል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የአንድን ባለ ጉዳይ ፋይል ሲፈልግ ቍጥሩን አይቶ በቀጥታ ወደ ስፍራው ይሄዳል እንጂ በመደርደሪያው ያለውን ወረቀት ኹሉ አያገላብጥም። ዊንዶውስም እንዲሁ ነው። መዝገቡ በቅርንጫፍና በንኡስ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ስለ ሆነ የሚፈልገውን መስመር በስሙ ጠርቶ ያወጣዋል። በብዙ ሺህ ከሚቈጠሩት መስመሮች መካከል ጥቂት መቶ የሞቱ መስመሮች ቢኖሩ ማንም አይጠራቸውም፤ ካልተጠሩም ሥራ አያዘገዩም። ስለ ዊንዶውስ የውስጥ አሠራር መጻሕፍት የጻፈው ማርክ ሩሲኖቪች በ2005 ዓ.ም. ይህንኑ ትራፊ መርምሮ፥ መዝገቡ እጅግ ቢያብጥ እንኳ በፍጥነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት መሆኑን ገልጧል።

«ካልጠቀመስ ምን ይጐዳል?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር፤ ያገኘኝንም ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ባለቤቴ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ናት። የአባሎቹን ስምና የወር መዋጮ በኮምፒዩተር ትጽፋለች። የምትጽፍበት የአማርኛ ፊደል ከቀድሞዎቹ ዓይነት ስለ ሆነ፥ ኮምፒዩተሩ ፊደሉን ካላገኘ ጽሑፉ ኹሉ ትርጕም ወደሌለው የፈረንጅ ምልክት ይለወጣል። ፊደሉም ከነፋይሉ ተቀምጦ የነበረው ከውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ኮምፒዩተሩ ቢዘገይብኝ አንድ ማጽጃ በነጻ አግኝቼ ጫንሁ። ወዲያው በቀይ ቀለም ብዙ መቶ ስሕተት ቈጥሮ አሳየኝ፤ እኔም ደነገጥሁ። ከማጥፋቱ በፊት ግልባጭ ላስቀምጥን ብሎ ቢጠይቀኝ ቸኵዬ አይሆንም አልሁና «አጽዳ» የሚለውን ተጫንሁ። ኮምፒዩተሩ ግን እንደ ቀድሞው ዘገምተኛ ሆኖ ቀረ።

እሑድ ማለዳ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ፤ አንድ ጎረቤታችን ዐርፈው ነበር። የዕድሩ ዳኛ ዝርዝሩን ለመቀበል ወደ ቤታችን መጡ። ባለቤቴ ዲስኩን ሰክታ ፋይሉን ብትከፍተው ከላይ እስከ ታች የማይነበብ ምልክት ሆነ። ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ልጄ፥ ይኸ ደግሞ የማን አገር ቋንቋ ነው?» ብለው ጠየቋት። እርስዋም ዘወር ብላ እኔን አየችኝ።

ቀብሩ ባለፈው ወር ታትሞ በቀረው ወረቀት ተፈጸመ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የከፈሉ ሦስት ሰዎች ስማቸው በወረቀቱ ስላልነበረ በለቀስተኛ ፊት «አልከፈላችሁም» ተብለው ተጠየቁ። ከመካከላቸውም አንዲት ባልቴት፥ እንጀራ ሸጠው የሚኖሩ፥ ምንም ሳይመልሱ አንገታቸውን ደፉ። በማግሥቱ አንድ ዐዋቂ ወጣት ፊደሉን እንደ ገና ቢያስመዘግበው ጽሑፉ ኹሉ ተመለሰ፤ እኔም ከባለቤቴ ጋራ በየቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ለመንሁ። ኮምፒዩተሩ በአንድ ቀን ዳነ፤ የሰው ፊት ግን እንዲህ ቶሎ አይጠገንም።

ወጣቱ ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፦ «ፊደሉ ከዲስኩ ላይ አልጠፋም፤ የጠፋው በመዝገቡ ተጽፎ የነበረው አድራሻው ነው። ማጽጃው በሚመረምርበት ሰዓት ዲስኩ አልተሰካም ነበርና አድራሻውን ተከትሎ ሄዶ ባዶ ስፍራ ቢያገኝ ባለቤት የሌለው ነው ብሎ ሰረዘው።» የማጽጃዎቹ ኹሉ ድካም በዚህ ይታወቃል። የሞተውንና ለጊዜው ያልተገኘውን የሚለዩበት የተረጋገጠ መንገድ የላቸውም፤ በግምት ይሰርዛሉ። አንድ ትራፊ መስመር ቢቀር የሚያመጣው ጕዳት የለም፤ አንድ የሚያስፈልግ መስመር ቢሰረዝ ግን ፕሮግራም እንዳይከፈት፥ አልፎም ዊንዶውስ ራሱ እንዳይነሣ ያደርጋል።

የመዝገቡ ሠሪ ማይክሮሶፍት እንኳ በ1990ዎቹ ሬግክሊን የሚባል የራሱን ማጽጃ አውጥቶ ነበር፤ በኋላ ግን አነሣው። ዛሬ ደግሞ የሬጅስትሪ ማጽጃን እንደማይደግፍ፥ ከዚያ ለሚመጣውም ጕዳት ኀላፊ እንዳልሆነ በግልጽ ያስታውቃል።

ከዚህም በላይ በማጽጃ ስም የሚደረግ ማታለል አለ። በአሜሪካ አገር ኦፊስ ዲፖ የሚባለው የመደብር ድርጅትና አጋሩ ሰፖርት ዶት ኮም፥ ደንበኞችን በነጻ ምርመራ ስም አስደንግጠው የጥገና አገልግሎት ሸጠዋል ተብለው ስለ ተከሰሱ በ2019 ዓ.ም. 35 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። የክሱ ቃል እንደሚለው፥ ደንበኛው «ኮምፒዩተሬ ይዘገያል» ለሚለው ጥያቄ ምልክት ካደረገ ምርመራው ምንም ሳያገኝ የበሽታ ምልክት አለበት ይል ነበር። የታወቀ ፕሮግራምም ቢሆን ከአደጋ ነጻ አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ሲክሊነር በሚባለው ማጽጃ ውስጥ ሌቦች ክፉ ፕሮግራም ሸሽገውበት ከ2 ሚሊዮን በላይ ወደሚሆኑ ኮምፒዩተሮች ገብቷል።

እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ቢዘገይ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ አጥፍቶ እንደ ገና ማስነሣት ነው። ሁለተኛ፥ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቍልፎች በአንድነት ተጭኖ ታስክ ማኔጀርን መክፈትና፥ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ያለ ፈቃዳችን አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ማስቀረት ነው። ሦስተኛ፥ የማያስፈልገውን ፕሮግራም በዊንዶውስ በራሱ መንገድ መንቀል፥ የሞላውንም ዲስክ ማቃለል ነው። አራተኛ፥ ከዊንዶውስ ጋራ በሚመጣው ዲፌንደር ቫይረስ መፈለግ ነው። አምስተኛ፥ ለማጽጃ የሚወጣውን ገንዘብ አጠራቅሞ አሮጌውን ተሽከርካሪ ዲስክ ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው መለወጥ፥ ወይም ራሙን መጨመር ነው። የእውነተኛ ፍጥነት ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይገኛል። ዊንዶውስ 10 ያላችሁም ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ዓ.ም. ማቆሙን አትርሱ።

መዝገቡን መንካት ፈጽሞ የተከለከለ ነው ማለታችን አይደለም። አንድ የታወቀ ችግር በአንድ የታወቀ መስመር የመጣ እንደ ሆነ፥ ዐዋቂ ሰው አስቀድሞ ግልባጩን አኑሮ ያችን መስመር ብቻ ሊያርም ይችላል። ይህ ግን ጥገና ነው እንጂ ጠረጋ አይደለም።

በመጨረሻም የቤታችሁን ፎቶግራፍ፥ የልጆቻችሁን ጽሑፍና የዕድራችሁን መዝገብ በሁለት ስፍራ አኑሩ፤ በየወሩም ዝርዝሩን በወረቀት አትሙ። በእኛ ቤት ዛሬ ባለቤቴ ዝርዝሩን በየሳምንቱ ታትማለች፤ ማተሚያው ወረቀት ሲጨርስም ሄዶ የሚገዛው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል።